ሩፈይዳ አል-አስለሚያ፦ በነቢዩ መስጂድ ቁስለኞችን ያከሙ ሴት

በመዲና፣ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ቅጥር ውስጥ አንዲት ድንኳን ተተክላ ነበር። በዘመቻ የቆሰለና የሚያስታምመው ዘመድ ያጣ ሰው ወደዚያች ድንኳን ይወሰድ ነበር። የድንኳኗ ባለቤት ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ናቸው፤ በእስልምና ታሪክም የመጀመሪያዋ ነርስ ተብለው ይታወሳሉ።

ሩፈይዳ የአስለም ጎሳ ተወላጅ ሲሆኑ፣ የሕክምናውን ጥበብ ሐኪም ከነበሩት አባታቸው ከሰዕድ እንደቀሰሙ በሰፊው ይነገራል። ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ኢስሐቅ እንደመዘገቡት፣ ቁስለኞችን የሚያክሙትና ረዳት የሌላቸውን ሙስሊሞች የሚያገለግሉት ምንዳውን ከአላህ በመሻት ነበር።

ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ627) ከተካሄደው የኸንደቅ ዘመቻ ጋር ተያይዞ ነው። በዚያ ዘመቻ የአውስ ጎሳ መሪ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዳቸውን በቀስት ተመትተው የደም ሥራቸው ተቆረጠ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሆነው ይጠይቋቸው ዘንድ ቁስለኛው ወደ ሩፈይዳ ድንኳን እንዲወሰዱ አዘዙ። ጠዋትና ማታ በዚያ ሲያልፉም እንዴት እንዳደሩና እንዴት እንደዋሉ ይጠይቋቸው ነበር።

ደሙ ለጊዜው ቆመ። ከቀናት በኋላ ግን ቁስሉ እንደገና ተከፈተ። ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት፣ በመስጂዱ ውስጥ ሰፍረው የነበሩት የበኑ ጊፋር ሰዎች የሆነውን ያወቁት ደሙ ወደ ድንኳናቸው ሲፈስ አይተው ነው። ሰዕድም በዚያው ቁስል አረፉ። ሕይወትና ሞት በአላህ እጅ ነው። ይሁንና ሕመምተኛ ያስታመመ ሁሉ እንደሚያውቀው አደጋ ሰዓት አይመርጥም፤ ሁልጊዜ የሚከታተል ዓይን ያስፈልጋል። አንድ ሰው ደግሞ ቀንም ሌሊትም ሊነቃ አይችልም።

በዚህ አገልግሎት የተሰማሩት ሩፈይዳ ብቻ አልነበሩም። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) በሰባት ዘመቻዎች ተሰልፈው ምግብ ያበስሉ፣ ቁስለኞችን ያክሙ፣ ሕሙማንን ያስታምሙ ነበር። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝም (ረ.ዐ) ለተዋጊዎች ውኃ ያቀርቡና ቁስለኞችን ወደ መዲና ይመልሱ ነበር።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ የኸይበር ዘመቻ ሆነ። ኢብኑ ሰዕድ እንደጻፉት፣ ኩዐይባ ቢንት ሰዕድ አል-አስለሚያ የተባሉ፣ በመስጂዱ ድንኳን ተክለው ሕሙማንንና ቁስለኞችን የሚያክሙ ሴት በዘመቻው ተካፍለው ነበር። ከምርኮውም የአንድ ተዋጊ ወንድ ድርሻ ያህል ተሰጣቸው። አንዳንድ ሊቃውንት ኩዐይባና ሩፈይዳ የአንዲት ሴት ሁለት ስሞች ናቸው ሲሉ፣ ሌሎች እህትማማቾች ናቸው ይላሉ። በዚያም ሆነ በዚህ፣ ቁስለኛን ያከመች እጅ ሰይፍ ከያዘው እጅ እኩል ተቆጥራለች። ሥራዋን ለአላህ ብላ የሠራች መሆኗ ድርሻዋን አላስቀረባትም።

ከአሥራ አራት ክፍለ ዘመናት በኋላም ጉዳዩ መነጋገሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት በ168 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ውጤት ታትሞ ነበር። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ተጨማሪ ሕመምተኛ ሲጫን፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሰው ኃይል ሲጎድል መድኃኒት ከሰዓቱ ያልፋል፣ መጠኑ ይሳሳታል፣ የሚደማ ቁስል ሳይታይ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት ዓለም 5.9 ሚሊዮን ነርሶች እንደሚጎድሏት አመልክቷል፤ ጉድለቱም በአብዛኛው ዝቅተኛና ዝቅተኛ-መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ላይ ያረፈ ነው።

በኢትዮጵያም በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ በርካታ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸውና የሥራ ሁኔታቸው እንዲሻሻል ጠይቀው ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ባለሙያው በደመወዙ ቤተሰቡን ማስተዳደር ሲያቅተው ሙያውን ይተዋል ወይም አገሩን ለቆ ይሄዳል። የሚጎዳውም ሌላ አማራጭ የሌለው ሕመምተኛ ነው።

ከባሕራ ብዙም በማትርቀው በጅዳ ከተማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ስለ ሕሙማን ደህንነት ዓለም አቀፍ የሚኒስትሮች ጉባኤ ተካሂዶ፣ በከተማዋ ስም የተሰየመ መግለጫ ወጥቷል። መግለጫው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ልዩ ትኩረት ሰጥቷል። በባሕሬን ደግሞ ለላቀች የነርስ ተማሪ በሩፈይዳ ስም ሽልማት ይሰጣል። የስማቸው ክብር የሚሟላው ግን ዛሬ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የምታድር ነርስ ሲነጋ የሚተካት ባልደረባና የሚገባት ድርሻ ሲኖራት ነው።