ዳግማዊ ምኒልክና የከተማ መንገድ

የመንገድ ታሪካችን ብዙ ጊዜ ከመኪና መምጣት ተነሥቶ ይጻፋል። የዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ሕይወት ግን ጅማሬው ከዚያ የራቀ መሆኑን ያስረዳናል።

ምኒልክ በነሐሴ ወር 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለውን ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አስመጡ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ለንጉሡ ጫማ መስፋት እንደ ነበረ ይተረካል፤ በኋላም በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በፕላን የተቀየሰ ጎዳና አልነበራትም። የመኳንንቱ ሰፈሮች በየጉብታው ላይ ተበታትነው በመካከላቸው ወንዞች ይወርዱ ነበርና፣ ክረምት ሲገባ ከሰፈር ሰፈር መሻገር አደገኛ ነበር። ስለዚህም ከሰፊ ጎዳና ይልቅ ድልድይ አጣዳፊ ሆነ። በድልድይ ላይ እግረኛውም፣ በቅሎ ጫኙም፣ እንጨት ተሸካሚዋም እኩል ያልፋሉ።

በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡሩን ሥራ ፈቀዱ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባን ከአዲስ ዓለም የሚያገናኝ መንገድ አሠሩ። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣት የመንገድ መዳመጫም በብዙ ሰዎች ጉልበት ተጎትታ ዋና ከተማዪቱ ገባች፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር አላት። የመጀመሪያዪቱን መኪና እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ እየነዳ ያመጣት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር፤ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እግረኛና የጋማ ከብት፣ ድልድይ፣ ባቡር፣ በመጨረሻም መኪና ነበር። ከዚያ ወዲህ የተነደፉ ብዙ ጎዳናዎቻችን ይህን ገልብጠው መኪናን አስቀደሙ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እንኳ ብዙ ሕዝብ ቢያመላልስም፣ በየመንገዱ መካከል የቆመው አጥሩ እግረኛውን ሩቅ ዞሮ እንዲሻገር አስገድዶታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂና በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለእግረኛና ለብስክሌት ቦታ መስጠታቸው ወደ ቀድሞው ሥርዓት የመመለስ ምልክት ነው።

ይህ ጉዳይ እንደ ግልገል በለስ ላሉ በማደግ ላይ ለሚገኙ ከተሞች ይበልጥ ያሳስባል። በመተከል የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ሁለት ጫፎች አንጠልጥለው ይጓዛሉ፤ የሚይዙት ቦታ ባዶ እጁን ከሚሄድ ሰው ይበልጣል። ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ የእግረኛ መሄጃ ስፋት ይህን አያውቅም። ስለዚህ መሐንዲሱ ተሽከርካሪ ከመቁጠሩ በፊት በገበያ ቀን ቆሞ ተላላፊውን ከነሸክሙ ይለካ። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ሳለ አንድ ሜትር መጨመር የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ቤቶች ከቆሙ በኋላ ግን ያው አንድ ሜትር የሚገኘው የሰው ቤት በማፍረስ ይሆናል።