ዞራ አርከስ-ደንቶቭ፤ ለኮርቬት ጉልበት የሰጠው ስደተኛ መሐንዲስ

ጊዜው እ.ኤ.አ ጥር 1953 ነው። በኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል የጀነራል ሞተርስ አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ለሕዝብ ቀርበዋል። የ43 ዓመቱ ስደተኛ መሐንዲስ ዞራ አርከስ-ደንቶቭ ኮርቬት የተባለች ባለ ሁለት ወንበር ነጭ መኪና ፊት ቆሟል። ውበቷ ማረከው። ከሽፋኗ ሥር የነበረው ግን 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ነበር፤ ካምቢዮዋም ባለ 2 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ለስፖርት መኪና ይህ አይበቃም።

ደንቶቭ እ.ኤ.አ በ1909 በብራሰልስ ከሩሲያ አይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ሩሲያ አደገ፤ በርሊን የምህንድስና ትምህርቱን አጠናቀቀ። ናዚዎች ፈረንሳይን ሲይዙ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አምልጦ አሜሪካ ገባ። በዚያም ከወንድሙ ጋር ለፎርድ ሞተር አዲስ የሲሊንደር ክዳን ሠራ። በመጀመሪያ የታሰበው በጭነት እየጋለ ለሚቸገረው የጭነት መኪና ነበር፤ የወደዱት ግን ፍጥነት ፈላጊዎች ሆኑ።

ከትርኢቱ በኋላ ለጀነራል ሞተርስ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ግንቦትም ተቀጠረ። ወጣቶች የፎርድን ሞተር እየፈቱ ጉልበት ሲጨምሩለት ሸቭሮሌ መመልከት ብቻ እንደማይገባው በታህሣሥ ለአለቆቹ በማስታወሻ አሳሰበ። ኮርቬት ገዢ አጥታ ልትቋረጥ ተቃርባ ነበር፤ በ1955 የተመረቱት 700 ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት የተገጠመላት ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ግን ለደንቶቭ በር ከፈተለት።

የትራክተር ሞተር በደቂቃ 2 ሺህ ዙር ገደማ እየዞረ ከባድ ማረሻ ይጎትታል። የስፖርት መኪና ሞተር ግን ከፍተኛ ጉልበቱን የሚያወጣው እጅግ ፈጥኖ ሲዞር ነው፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ሲሊንደሩ አየር ለመሳብ ጊዜ ያጥረዋል። ደንቶቭ ቫልቮቹ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍተው እንዲቆዩ ካምሻፍቱን አዲስ አድርጎ ቀረጸው። በ1956 መጀመሪያ በፍሎሪዳ ዴይቶና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ራሱ እየነዳ በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ አስመዘገበ።

በ1957 ኮርቬት የሚገዛ ሰው በአንድ ዓይነት 4.6 ሊትር ሞተር አምስት የጉልበት ደረጃ ቀረበለት፤ 220፣ 245፣ 250፣ 270 እና 283 የፈረስ ጉልበት። የሲሊንደሩ ስፋት አልተለወጠም፤ የተለወጠው አየርና ነዳጅ የሚገባበት መንገድ ነው። 245ና 270ው ሁለት ካርቡሬተር ነበራቸው፤ በ250ና በ283ው ላይ ነዳጅ በመርጫ ይገባል። የደንቶቭ ካምሻፍት የተገጠመላቸው ሁለቱ ከፍተኞች ናቸው።

አንዳንዴ ቁጥሩ ያታልላል። በ1967 ኤል 88 የተባለው ባለ 7 ሊትር ሞተር በወረቀት 430 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተሸጠ፤ በእውነቱ ከ500 ያልፍ ነበር። ከእርሱ የሚረክሰው ሞተር 435 ተብሎ ተጽፏል። ውድድር የማያውቅ ገዢ ወደ ኤል 88 እንዳያይ የተደረገ ዘዴ ነው። በዚያ ዓመት 20 መኪኖች ብቻ ተሠሩ፤ ሬዲዮና ማሞቂያም አልነበራቸውም።

ደንቶቭ በ1975 መግቢያ ጡረታ ሲወጣ የኮርቬት መነሻ ሞተር ወደ 165 የፈረስ ጉልበት ወርዶ ነበር። የጭስ ልቀት ሕግ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ግን የልኬት ለውጥ ነው። ቀድሞ ሞተሩ ብቻውን ይለካ ነበር፤ ከ1972 ጀምሮ ማራገቢያውና የጭስ ማውጫው እንደተገጠሙ ይለካ ጀመር። ትራክተር ያለው ገበሬ በሞተሩ ላይ በተጻፈው ጉልበትና መሣሪያ በሚያዞረው ዘንግ ላይ በሚደርሰው መካከል ያለውን ልዩነት ያውቀዋል።

ያልተሳካለት ነገር አንድ ነበር። ጉልበት ሲበዛ የኋላ ጎማ መሬት እንዲቆነጥጥ ክብደት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ይሁን ሲል ለዓመታት ተከራከረ። የሙከራ መኪኖችም ሠራ። አለቆቹ አልፈቀዱለትም። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 1996 በ86 ዓመቱ አረፈ፤ የሬሳው አመድም ኮርቬት በምትገጣጠምበት በኬንታኪዋ ቦውሊንግ ግሪን ባለው የኮርቬት ሙዚየም ተቀመጠ። ሞተሯ ከሹፌሩ ጀርባ የሆነው የመጀመሪያዋ ለገበያ የቀረበች ኮርቬት ይፋ የሆነችው በ2019 ነው፤ የመነሻ ጉልበቷም 490 የፈረስ ጉልበት ነው።