የእንጨት ክንፍ፤ የኰሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወት

በአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጉለሌ መካነ መቃብር ካረፉት የባሕር ማዶ ተወላጆች አንዱ ኰሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ናቸው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር የሚወሳው በኢጣልያ ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩ ጥቁር አሜሪካዊ መሆናቸው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ክብራቸውም ነው። ይሁን እንጂ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብረትና እንጨት፣ ሞተርና ሽቦ በየዕለቱ የሚዳስሱ ባለሙያዎች እንደመሆናቸው መጠን፣ ከጦር ሜዳው ዝና በፊት የነበረውን ሰው፣ ማለትም መካኒኩን ሮቢንሰንን ቢያውቁት ይበጃል ብዬ አምናለሁ። አብራሪው የተገኘው ከመካኒኩ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካው ዘመናቸው በአውሮፓ፣ የኢትዮጵያው ዘመናቸው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልክቷል።

ሮቢንሰን በ1903 በፍሎሪዳ ግዛት ካራቤል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለሞቱ እናታቸው ይዘዋቸው ወደ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ወደ ገልፍፖርት ተዛወሩ። እንጀራ አባታቸው የምድር ባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ መፍቻና መዶሻ የለመደው በዚያ ቤት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጊዜው በደቡብ አሜሪካ ጥቁሩና ነጩ በአንድ ትምህርት ቤት የማይማርበት፣ በአንድ ወንበር የማይቀመጥበት ዘመን ነበር። ሮቢንሰን ከፍ ሲሉ ቡከር ዋሽንግተን ወደ መሠረቱት የተስኪጊ ተቋም ገብተው የመኪና ጥገና ተማሩ፤ ትምህርታቸውንም በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፈጸሙ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተጉዘው በመጀመሪያ በዲትሮይት፣ በኋላም በቺካጎ በጋራዥ ሥራ ተሠማሩ።

ሥራ ነበራቸው፤ ገንዘብም አላጡም። ያጡት የበረራ ትምህርት የሚሰጣቸው ሰው ነበር። ከእርሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብላ ቤሲ ኮልማን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በአገሯ የሚያስተምራት አጥታ ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ በ1921 የአብራሪነት ፈቃድ አግኝታለች። ሮቢንሰን ግን ባሕር አልተሻገሩም። በቺካጎ የነበረው የከርቲስ ራይት የአቪየሽን ትምህርት ቤት በቆዳቸው ቀለም ምክንያት አልቀበልም ሲላቸው፣ በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። መጥረጊያ ይዘው ከክፍሉ ጀርባ ቆመው አስተማሪው የሚናገረውን ያዳምጣሉ፤ ተማሪዎቹ ሲወጡም በጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን ይገለብጣሉ። ማታ ደግሞ የቀን ትምህርታቸውን ለጓደኞቻቸው ያካፍላሉ። ከጓደኞቻቸው ዋነኛው ኮርኔልየስ ኮፊ የተባሉ እንደ እርሳቸው መካኒክ የሆኑ ሰው ነበሩ። እንዲህ ሆኖ አንድ አነስተኛ የአይሮፕላን ጥናት ቡድን ተቋቋመ።

ቡድኑ ከወሬ አልፎ ወደ ሥራ ገባ። በቺካጎ ኤድዋርድ ሂዝ የተባሉ ሰው የመሠረቱት አንድ ኩባንያ ነበር፤ ይህ ኩባንያ ሂዝ ፓራሶል የምትባል የአንድ ሰው አይሮፕላን ዕቃዋን በጥቅል አዘጋጅቶ፣ ገዢው በቤቱ እንዲገጣጥማት ይሸጥ ነበር። ፓራሶል ማለት የፀሐይ ጃንጥላ ነው፤ ስሙ የወጣላት ክንፏ እንደ ጃንጥላ ከአብራሪው ራስ በላይ ከፍ ብሎ በምሰሶ ስለሚደገፍ ነው። ሮቢንሰንና ጓደኞቻቸው ይህን ጥቅል ገዙ።

አንባቢው የሥራውን ዓይነት እንዲረዳው ጥቂት ላብራራ። አካሏ ከቀጭን የብረት ቱቦ ይያያዛል። ክንፏ ግን የአናጢ ሥራ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጉ የጥድ ወጋግራዎች አሉ፤ በእነርሱም ላይ እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደሩ ቀጫጭን የእንጨት ጎድኖች ይሰካሉ። እያንዳንዱ ጎድን በአንድ ቅርጽ ማውጫ ላይ ተሠርቶ፣ በኮላና በትንንሽ ምስማር ይያያዛል። አንዱ ጎድን ከሌላው በጥቂት እንኳ ቢያንስ ወይም ቢጣመም ጉዳቱ መሬት ላይ አይታይም፤ አይሮፕላኗ ከተነሣች በኋላ ግን ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች። ስለዚህ ክንፉ ጨርቅ ከመልበሱ በፊት በክር ይለካል፣ ከጎን ይታያል፣ እንደገና ይለካል። ከዚያ እንደ አቡጀዲ ያለ ጥጥ ጨርቅ ይለብስና፣ ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ከበሮ ቆዳ የሚወጥር ቅባት በተደጋጋሚ ይቀባል። በመጨረሻ የክብደቱ ማዕከል ይፈተሻል፤ አፍንጫዋ ከከበደ አትነሣም፣ ጭራዋ ከከበደ ደግሞ ተነሥታ ትገድላለች። ሞተሯ ከሞተር ብስክሌት የመጣ ነበር። ጉልበቱ ከ30 ፈረስ አይደርስም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። መሥራቹ ሂዝ በ1931 አዲስ አይሮፕላን ሲሞክሩ ወድቀው ሞቱ። ኩባንያው ግን በሌላ ሰው እጅ ገብቶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሂዝኪት በሚል ስም በየቤቱ የሚገጣጠሙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን መሸጥ ጀመረ። ከእነዚህም መካከል ትንንሽ የአይሮፕላን ሞዴሎችን ከመሬት ሆኖ በሬዲዮ የሚያዝዙበት መሣሪያ ይገኝ ነበር። ዛሬ በየሜዳው የእንጨት ሞዴል በሬዲዮ የሚያገለባብጡ ወጣቶች የሮቢንሰን ቡድን የሠራውን ሥራ በትንሹ ይደግሙታል፤ ልዩነቱ ሞዴሉ ቢወድቅ የሚሰበረው እንጨት ብቻ መሆኑ ነው።

ጥቁሮች በጋራዥ የሠሯት አይሮፕላን ለመብረር መብቃቷ ከትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ጆሮ ደረሰ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች በሩን የከፈተችላቸው ይህች ፓራሶል ናት ይላሉ። በሌላ ወገን ደግሞ የሮቢንሰንና የኮፊ አሠሪ የነበሩ የመኪና ነጋዴ ትምህርት ቤቱን በፍርድ ቤት እከሳለሁ ብለው ማስፈራራታቸው ይነገራል። እኔ ሁለቱ አይቃረኑም እላለሁ። ሕግ በር ያስከፍታል፤ ገብቶ ለመቀመጥ ግን ሙያ ያስፈልጋል። ሁለቱ ጓደኛሞች በ1931 ትምህርታቸውን ጨረሱ፤ ወዲያውም ያ በር ዘግቶባቸው የነበረ ትምህርት ቤት ለጥቁር ተማሪዎች ክፍል ከፍተው እንዲያስተምሩ ጠየቃቸው።

ከዚያ በኋላ ቻሌንጀር የተባለ የአብራሪዎች ማኅበር መሠረቱ። ነጮች የሚያስተዳድሩት የአይሮፕላን ማረፊያ ስለማይቀበላቸው በኢሊኖይ ግዛት ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ መሬቱን ራሳቸው ጠርገው፣ የአይሮፕላን መጠለያውንም በእጃቸው ሠርተው ሜዳ አበጁ። ብዙ ሳይቆይ ዐውሎ ነፋስ መጠለያውን ከነአይሮፕላኖቹ ሰባበረው። እንደገና ሌላ ቦታ ጀመሩ። በግንቦት 1934 ሮቢንሰን የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ለማግባባት ወደ ተስኪጊ በረሩ። በመንገድ ላይ ከሁለቱ አይሮፕላኖች አንዱ ስለተሰበረ የደረሱት በሌላው ነው። ተቋሙ ሐሳቡን ወዲያው ባይቀበለውም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስመ ጥር የሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን ተዋጊ አብራሪዎች የሠለጠኑት እዚያው ነው።

ሮቢንሰን ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኙት በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ነው። ዶክተር መላኩ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩና ለአገራቸው ባለሙያ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። ሮቢንሰን ጥሪውን ተቀብለው በግንቦት 1927 አዲስ አበባ ገቡ። የጠበቃቸው ግን ጥርጣሬ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በዘውድ በዓሉ ዋዜማ፣ ኸበርት ጁልያን የተባለ ከአሜሪካ የመጣ ሌላ ጥቁር አብራሪ የንጉሡን አዲስ አይሮፕላን ሰብሮ ከአገር ተባርሮ ነበርና ከዚያ አገር የመጣ አብራሪ በቀላሉ አይታመንም። ሮቢንሰን በንግግር አልተከራከሩም፤ አይሮፕላኖቹን መጠገንና ማብረር ያዙ። በነሐሴ ወር አዛዥ ሆነው ተሾሙ።

ያዘዙት ኃይል ምን ይመስል እንደነበር መደበቅ አይገባም። አይሮፕላኖቹ ከአሥራ ጥቂት የማይበልጡ፣ ያረጁና ያልታጠቁ ነበሩ። ከእነዚህም ሁሉም አይነሡም። ለጥገና ባለሙያ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ነዳጅ ይበዛበትና ሞተሩ ይታፈናል፤ ክንፉም ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር በአዲስ አበባ ፀሐይ የተባለችውን አይሮፕላን ሠሩ። ስሟ የተወሰደው ከልዕልት ፀሐይ ነው። ኢጣልያኖች ወስደዋት ከ80 ዓመታት በላይ ከኖረች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ መመለሷ ተበሥሯል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ። በቀጣዮቹ ወራት መልእክትና መድኃኒት፣ አንዳንድ ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱን ይዘው ወደ ጦር ግንባር ተመላለሱ። ከጠላት አይሮፕላን የሚያመልጡት በተራሮች መካከል ዝቅ ብለው በመብረር ነበር። አዲስ አበባ ልትያዝ ስትቃረብ ወጡ። በግንቦት 1936 አሜሪካ ሲደርሱ በቺካጎ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተቀበላቸው። እርሳቸው ግን በዝናው አልተኙበትም፤ በስማቸው የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎችና ቴክኒሺያኖች ጋር ተመልሰው በልደታ የአይሮፕላን ሜዳ የኢትዮጵያን ወጣቶች ማሠልጠን ጀመሩ። አየር ኃይሉ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የቆመው በዚህ ሥራ ነው። አንዳንዶች የኢትዮጵያ አየር መንገድንም የመሠረቱት እርሳቸው ናቸው ይላሉ፤ ይህን ያህል ማለት ያስቸግራል። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ነው። የሮቢንሰን ድርሻ ከዚያ ቀደም ብሎ ሞተር የሚከፍት፣ ሜዳ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ማፍራታቸው ነው።

ሥልጠናው ወደ ስዊድን ባለሙያዎች ሲተላለፍ ከመሪያቸው ከካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ተጣሉ። ጠቡ ከቃል አልፎ እጅ እስከ መማዘዝ ደረሰ፤ ሮቢንሰንም ተቀጡ፣ ሥራቸውንም አጡ። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ወገን መጫን አይቻልም፤ ያ አሳዛኝ ፍጻሜ ግን ለ20 ዓመታት ከየበሩ ሲመለሱ የኖሩ ሰው ላይ መድረሱ ያስቆጫል። ወደ አሜሪካ ግን አልተመለሱም። አዲስ አበባ ቀሩ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳምንት ለሕሙም የሚሆን ደም ይዘው ከአንድ ኢጣልያዊ መሐንዲስ ጋር ተነሡ። አይሮፕላኗ ስቲንሰን ኤል 5 ነበረች፤ አካሏ የብረት ቱቦ፣ ክንፏ እንጨት፣ ልብሷም ጨርቅ፤ አሠራሯ በቺካጎ ከገጣጠሟት ከዚያች ፓራሶል ብዙ አይርቅም። ወደቀች፤ እሳትም ተነሣ። ከአደጋው ሁለቱም አልተረፉም። ሮቢንሰን በቃጠሎው ሕመም ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው መጋቢት 18 ቀን ዐረፉ፤ በጉለሌም ተቀበሩ።