ፒየር ጉዌን፦ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ መዝግበው ያቆዩ ምሁር

በቡታጅራ ወይም በወልቂጤ ከተማ ባለ ፎቅ ሕንፃ ለመሥራት የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ተገልጋይ ከሚያቀርባቸው ሰነዶች አንዱ የስትራክቸር ዲዛይን ነው። መሐንዲሱ ሕንፃው ሊቋቋመው የሚገባውን የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል ሲያሰላ የሚነሣው ቀደም ባሉት ዘመናት ከተመዘገበ መረጃ ነው። ይህ መረጃ በአገራችን በተደራጀ ሁኔታ እንዲሰበሰብና እንዲጠበቅ ካደረጉት ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና ምሁር ፒየር ጉዌን ናቸው።

የታዛቢ ጣቢያው አመሠራረት

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርትን መልሶ ለማቋቋም በተደረገው ጥረት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን መምህራን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ አድርገው ነበር። መምህራኑ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ በተደረሰው ስምምነት መሠረት የክህነት ልብሳቸውን ትተው በማስተማር ሥራ ብቻ ተሰማሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ሉሲየን ማት እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኃላፊነት መሩ። ፒየር ጉዌንም የሳይንስ ሥራቸውን ያከናወኑት በዚሁ ኮሌጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 የዓለም አገሮች ስለ ምድር በኅብረት ጥናት ያካሄዱበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተከበረ። ኢትዮጵያ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ከዚህች አገር የሚገኝ ልኬት በእጅጉ ይፈለግ ነበር። ጉዌን አጋጣሚውን በመጠቀም በአራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሆኑ። በመግነጢስ ልኬት የተጀመረው ሥራ ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥን ወደ መመዝገብ ተሸጋገረ።

የዕለት ተዕለት ምዝገባ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባው ጣቢያ ከ100 በላይ ጣቢያዎችን ያቀፈው ዓለም አቀፍ የሳይስሞግራፍ መረብ አባል ሆነ። በዚህ መረብ እያንዳንዱ ጣቢያ ስድስት መቅጃዎች ነበሩት። ሦስቱ ፈጣን፣ ሦስቱ ደግሞ ዝግተኛ ንቅናቄን ይመዘግቡ ነበር። ከየሦስቱ አንዱ ምድር ወደ ላይና ወደ ታች ስትንቀሳቀስ፣ ሁለተኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሦስተኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለውን ይለካሉ። ምዝገባው የሚካሄደው በብርሃን ጨረር በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በመሆኑ ወረቀቱ በየዕለቱ ይቀየራል፤ በጨለማ ክፍል ይታጠባል፤ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ይቀመጣል። የወረቀቶቹ ቅጂ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ለሌሎች አገሮች ተመራማሪዎችም ይደርስ ነበር።

በዚህ ሥራ ትልቁን ጥንቃቄ የሚጠይቀው የሰዓት ትክክለኛነት ነው። የመጀመሪያው የንቅናቄ ሞገድ በምድር ቅርፊት ውስጥ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የአንድ ሴኮንድ ስሕተት የንቅናቄውን መነሻ በብዙ ኪሎ ሜትር ሊያዛባው ይችላል። አንድ ጣቢያ በሁለቱ ዋና ዋና ሞገዶች መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት ይዞ ርቀትን ማስላት ቢችልም መነሻውን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ የሦስት ጣቢያዎች መረጃ ያስፈልጋል። የአንዱ አገር መዝገብ ለሌላው የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የካራ ቆሬና የሰርዶ አደጋዎች

እ.ኤ.አ. በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የመጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ጉዳት ደረሰበት። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1969፣ በአፋር የምትገኘው የሰርዶ ከተማ በተመሳሳይ አደጋ ወደመች፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በሁለቱም ወቅቶች አገሪቱ የራሷ ጣቢያ ስለነበራት የንቅናቄዎቹ ቅደም ተከተልና መጠን እዚሁ ተመዘገበ።

ከዚያ ቀደም የነበረው ሁኔታ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1906 በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የደረሰው ብርቱ ንቅናቄ በአዲስ አበባ ጭምር ተሰምቷል። ነገር ግን በአገር ውስጥ መቅጃ መሣሪያ ስላልነበረ የንቅናቄው መነሻ የተገመተው ርቀው በሚገኙ ጣቢያዎች ምዝገባና በዓይን ምስክሮች ቃል ነው። ዛሬ በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ለሚገነባ ሕንፃ እጅግ የሚጠቅመው የዚያ ዕለት የቅርብ ምዝገባ ስላልተገኘ ሊተካ አይችልም።

የዘመናት ታሪክ በአንድ መጽሐፍ

ጉዌን መሣሪያ ያልደረሰባቸውን ዘመናት በጽሑፍ ማስረጃ ለመሙላት ለዓመታት ደከሙ። የነገሥታት ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችንና የሚሲዮናውያንን ጽሑፎች፣ ጋዜጦችንና የጣቢያዎችን መዛግብት መረመሩ። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው ጋር ማመሳከር፣ ተለዋውጠው የተጻፉ የቦታ ስሞችን መለየት፣ ጉዳቱም የደረሰው በብርቱ ንቅናቄ ይሁን በግንባታው ድክመት መመዘን ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 አገሪቱን በመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት ደረጃ የሚከፋፍል ጥናት አሳተሙ። በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚተርከው መጽሐፋቸው በኦታዋ ታተመ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ድረስ የአገራችንን የሥጋት ካርታ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች መነሻ ነው።

ጉዌን በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው የኩቤክን ጥንታዊ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በዚሁ ዘዴ አጥንተዋል። ካረፉም ዓመታት ተቆጥረዋል። የመሠረቱት ታዛቢ ጣቢያ ሥራ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ቀጥሏል።

ለጉራጌ አካባቢ ከተሞች ያለው ፋይዳ

ቡታጅራ የምትገኘው ከጉራጌ ተራሮች ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። በአቅራቢያዋ ያለው የሐራ ሸይጣን ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሲሆን፣ ተራሮቹም ምድር በተሰነጠቀበት መስመር የቆሙ ናቸው። ወልቂጤ ከተራሮቹ በስተ ምዕራብ በደጋማው ወገን ትገኛለች፤ ይሁን እንጂ ንቅናቄ ከመነሻው ርቆ ስለሚሰማ ከሥጋት ነፃ ናት ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በሆሳዕና አካባቢ የተነሣው ንቅናቄ እስከ ጅማ ተሰምቷል።

አንድ ሕንፃ የሚደርስበት ኃይል በንቅናቄው መጠን ብቻ አይወሰንም። ከመነሻው ያለው ርቀትና ከመሠረቱ በታች ያለው አፈር ዓይነትም ይወስኑታል፤ ለስላሳ አፈር ንቅናቄን ያጎላል፤ ጠንካራ አለት ያን ያህል አያጎላም። ይህን በቁጥር ለመግለጽ በልዩ ልዩ አፈር ላይ በቅርብ የተቀዱ የብርቱ ንቅናቄ ምዝገባዎች ያስፈልጋሉ። በአገራችን እንዲህ ያሉ ምዝገባዎች ጥቂት በመሆናቸው ባለሙያዎች በአብዛኛው ከሌሎች አገሮች የተገኙ ቀመሮችን ይጠቀማሉ። የተቀዳው እያንዳንዱ ምዝገባ ከቦታው፣ ከሰዓቱና ከመሣሪያው መግለጫ ጋር ተሟልቶ መቀመጥ ያለበትም ስለዚህ ነው፤ መግለጫው የጠፋበት ምዝገባ ለስሌት አይውልም።

ከተገልጋዮች የሚጠበቅ

የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቁ ተገልጋዮች የአፈር ምርመራንና የስትራክቸር ዲዛይንን ለፎርማሊቲ ብቻ እንደሚቀርቡ ወረቀቶች ሊመለከቷቸው አይገባም። ዲዛይኑ በአገሪቱ የሕንፃ ኮድ መሠረት ለቦታው የተመደበውን የሥጋት ደረጃ ታሳቢ ማድረጉን መሐንዲሳቸውን መጠየቅ፣ ግንባታውም ከጸደቀው ዲዛይን ውጭ እንዳይካሄድ መከታተል ይገባቸዋል።

ንቅናቄ የተሰማቸው ነዋሪዎች ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነበሩበትን ቦታና ያዩትን ጉዳት ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ጽፈው ለሚመለከተው አካል ቢያሳውቁ ለምርምር ይጠቅማሉ። ጉዌን የዘመናትን ታሪክ ሊያሰባስቡ የቻሉት ቀደም ያሉ ሰዎች ያዩትን ጽፈው ስላቆዩ ነው። ዛሬ የሚጻፈውም ነገ ለሚሠሩ ቤቶች መነሻ ይሆናል።