ዲዝል እና በማለዳ አልነሳ የሚለው ሞተር

በደጋ ወረዳዎች ማለዳ ላይ አሮጌ ትራክተር አልነሳ ሲል የብዙ ሰው እጅ የሚሮጠው ወደ ፓምፑ ነው። የሞተሩን ፈጣሪ የሩዶልፍ ዲዝልን ታሪክ ያየ ግን ፍተሻውን ከኮምፕሬሽን ይጀምራል።

ዲዝል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ከጀርመናውያን ወላጆች ፓሪስ ተወለደ። በ1870 በተነሳው ጦርነት ቤተሰቡ ወደ ለንደን ሲሰደድ፣ እሱ ለትምህርት ወደ አውግስቡርግ ተላከ። ሙኒክ ያስተማረው የማቀዝቀዣ ሊቁ ካርል ፎን ሊንደ ሲሆን፣ ዲዝል ከተመረቀም በኋላ ለዓመታት በመምህሩ የበረዶ ማምረቻ ሥራ ላይ ቆይቷል። የሙቀት ሞተር ፈጣሪው ከበረዶ ቤት መውጣቱ ይገርማል።

ሐሳቡ አየር አጥብቆ ሲታመቅ ይግላል፣ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ ያለ ካንዴላ ይነዳል የሚል ነው። በ1893 በአውግስቡርግ በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ለጥቂት ተረፈ። በ1897 ግን ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ፤ የዘመኑ የተለመዱ የእንፋሎት ሞተሮች ከ10 በመቶ ብዙም አያልፉም ነበር።

የማለዳው ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ የታመቀውን አየር ሙቀት ይመጠዋል፤ በደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ያልተገኘው ሙቀት ነው። ያኔ የባትሪውን ጉልበት፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን፣ ቀጥሎም የቫልቭና የፒስተን ቀለበቶችን መበላት ማየት ይገባል። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም፤ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ሌሊቱን አየር ገብቷል። ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነም በቅድሚያ አየር ማስወጣት ነው። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ኤተር መርጨት ሞተሩን ሊሰብር ይችላል።

ዲዝል በመስከረም 1913 መጨረሻ ድሬስደን በተባለች መርከብ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ሌሊት ላይ ጠፋ፤ የሞቱ ምክንያት እስካሁን ያከራክራል። የእሱ ሞተሮች ናፍጣውን የሚረጩት በታመቀ አየር ነበር። ዛሬ በአሮጌ ትራክተሮች ላይ የምናየውን ዓይነት የመርጫ ፓምፕ የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ በብዛት ማምረት የጀመረው በ1927 ነው። ይህ ፓምፕ በጥቃቅን ልኬት የተሠራ በመሆኑ ማሳ ላይ አይፈታም፤ ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ የመሞከሪያ ማሽን ወዳለው ጋራዥ ይወሰዳል።