ከዘጌ እስከ ጅማ፡ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወት

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አይቶ፣ በቡናው ደን ውስጥ ጥቂት ተንሸራሽሮ ይመለሳል። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት ሰው የዚህ ባሕረ ገብ መሬት ልጅ መሆናቸውን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. ነው። የዘጌ ሰው በጥንት ሥርዓቱ በሬ ጠምዶ አያርስም፤ ኑሮው ቡና ነው። በዚያ ዘመን ቡናውን ከሚያለሙት መካከል ባሮችም ነበሩ። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አፈወርቅ ኋላ በጻፉት ልብ ወለድ ውስጥ ሰው ሲማረክ፣ ሲሸጥና በገንዘብ ነጻ ሲወጣ እናገኛለን።

በወጣትነታቸው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገቡ። የሥዕል ተሰጥኦ ስለነበራቸው በ1887 (እ.ኤ.አ.) ወደ ጣሊያን ተልከው ቱሪን ከተማ ተማሩ። ተመልሰውም በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሣሉ። ለሁለተኛ ጊዜ የተላኩት ወደ ስዊዘርላንድ ነበር። የአድዋ ጦርነት ሲቃረብ ግን ትምህርቱን ትተው ወደ ጣሊያኖቹ ወገን ተሻገሩ። ይህ የመጀመሪያው መሻገር ነው።

ከዚያ በኋላ ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም አማርኛ አስተማሩ፤ ጣሊያናዊትም አገቡ። ታላላቅ ሥራዎቻቸው የተጻፉት በዚያ ነው። በ1908 (እ.ኤ.አ.) ለመንገደኞች መምሪያ እንዲሆን በፈረንሳይኛና በአማርኛ ያዘጋጁት መጽሐፍ ሹማምንቱ ገበሬውን እንዴት እንደሚመዘብሩና ወታደሩ ሲያልፍ አገር እንዴት እንደሚራቆት በምልልስ እያዋዛ ያጋልጣል። በዓመቱ የታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ደግሞ ያንኑ መንግሥት ሰማይ ድረስ ያወድሳል፤ አፄ ቴዎድሮስንና አፄ ዮሐንስን ግን ያለ ርኅራኄ ይወርፋል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን ወገንተኝነት ሳይተቹ አላለፉም። አንድ ብዕር ለውጭ አገር አንባቢ አንድ ነገር፣ ለንጉሡ ጆሮ ሌላ ነገር ሲጽፍ የትኛውን እንመን? እኔ የመንገደኛውን መምሪያ አምናለሁ፤ ደጅ ሲጠና የተጻፈ አይመስልምና።

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው ልብ ወለድ ታሪክ ግን ከሁለቱም ይለያል። ርዕሱ የድርሰት ዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ታሪኩ የሚጀምረው በክርስቲያኑ ጦር ሽንፈት ነው። የጦር አዛዡ ይማረካል፤ ነጻ የሚያወጣውም የአንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ነው። ልጁ ዋህድ በዚሁ ውለታ የተነሳ ከቤቱ ወጥቶ እርሱ ራሱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። መንትያ እህቱ ጦብያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። መጨረሻው እንደሚታወቀው ነው፤ አረማዊው ንጉሥ በጦብያ ፍቅር ይወድቃል፣ ክርስትና ይነሳል፣ ሕዝቡም ይከተለዋል።

ልብ ብለን ካየነው፣ ይህን ሁሉ መከራ የሚፈታው ሕግም ዳኛም አይደለም። ድል አድራጊው ንጉሥ ስለራራ ምርኮኛው ይድናል፤ ንጉሡ ስለተጠመቀ አገር ይጠመቃል። ሥልጣን ከበላዩ የሚጠይቀው የለውም፤ ተሸናፊውም ያለው ተስፋ የአሸናፊው ልብ መለስለሱ ብቻ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላው የጎጃም ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በፍቅር እስከ መቃብር የባላባቱን ሥልጣን ራሱን ለጥያቄ አቀረቡት። አፈወርቅ ግን የገዢን መልካምነት ተመኙ እንጂ የሚገታውን ሕግ አልጻፉም።

ዕጣ ፈንታቸው ሆኖ ግን እኒሁ ሰው ዳኛ ሆኑ። በኤርትራ ቆይተው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበሩ። በ1925 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በአዲስ አበባ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። የውጭ ዜጋው ከኋላው ቆንስላው በቆመበት በዚያ ችሎት የመንግሥትን አቅም ልክ በየዕለቱ ማየታቸው አይቀርም። በ1932 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ሄዱ፤ ጣሊያን ልትወር ስትዘጋጅ እዚያው ነበሩ።

ወረራው ሲመጣ እንደገና ተሻገሩ። ለወራሪው መንግሥት አድረው አፈ ቄሣር ተባሉ። በአገሩ ሥርዓት የዳኞች ሁሉ የበላይ አፈ ንጉሥ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ማዕረጉን ሳይነኩ የጌታውን ስም ብቻ ለወጡ። በልብ ወለዳቸው ውስጥ አረማዊውን አሸናፊ ወደ ተሸናፊዎቹ እምነት ያመጡት ደራሲ፣ በእውኑ ዓለም ወደ አሸናፊው የሄዱት እርሳቸው ነበሩ። የሥልጣኔ ጉጉት ነው ያደረሳቸው የሚሉ አሉ። ጉጉቱስ እውነት ነበር። ነገር ግን የዘመኑ ሌሎች ምሁራን ያንኑ ጉጉት ይዘው በየካቲት 1929 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በፋሺስቶች እጅ አልቀዋል።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ አፈወርቅ ወደ ጅማ ተጋዙ። መጽሐፋቸው ከእርሳቸው ሞት በኋላ ጦብያ በሚል ርዕስ አዲስ አንባቢ አግኝቷል። እርሳቸው ግን እንደ ዘጌ የቡና አገር በሆነችው ጅማ፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በ1940 ዓ.ም. አረፉ።