ኧርነስት ፕራይስ እና የዝሆኔ በሽታ ሁለት ምክንያቶች

ብሪታንያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አስቀድመው የታወቁት በሥጋ ደዌ ሕሙማን የእግር ቁስል ላይ ባካሄዱት ጥናት ነበር። በኢትዮጵያ ግን ዋና ትኩረታቸው የዝሆኔ በሽታ ሆነ። እንዲህ ያለው የእግር እብጠት በሌሎች አገሮች በአብዛኛው የሚመጣው ትንኝ ከሚያስተላልፈው የፊላሪያ ትል ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በሚኖሩ ሕሙማን ላይ ግን ትሉ አይገኝም ነበር።

ፕራይስ የበሽታውን ሥርጭት ከአፈርና ከአየር ንብረት ጋር አነጻጸሩ። ሕሙማኑ በብዛት የተገኙት ዝናብ በሚበዛባቸውና ከእሳተ ገሞራ አለት የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች፣ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱ ገበሬዎች መካከል ነበር። በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥም ሲሊኮንና አሉሚኒየም ያዘሉ የአፈር ቅንጣቶችን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሽታውን እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት።

ሆኖም በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉ ሰዎች የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው። ፕራይስ ይህን ልዩነት በማስተዋል እ.ኤ.አ. በ1972 የዘር ውርስ ድርሻ ሊኖር እንደሚችል ጽፈው ነበር። ምላሹ የመጣው እርሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን ያነጻጸረ ጥናት፣ በሽታው ከሁለተኛው ምድብ የኤች.ኤል.ኤ. ዘረመሎች ጋር እንደሚዛመድ አሳየ። ከእነዚህ ዘረመሎች የሚሠሩት ፕሮቲኖች ባዕድ ቁርጥራጮችን ለቲ ሕዋሳት በማቅረብ የሰውነትን የመከላከል ምላሽ ይመራሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ፖዶኮኒዮሲስ በቲ ሕዋሳት የሚመራ የብግነት በሽታ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ።

ይህ ግኝት ጥንቃቄ ይሻል። የሕሙማን ቤተሰቦች በዘራቸው ምክንያት ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል፤ የዘረመል ውጤት ብቻውን ሲነገር መገለሉን የሚያጸድቅ ሊመስል ይችላል። የፕራይስ ሥራ ግን ሁለቱ ምክንያቶች እንደማይነጣጠሉ ያስረዳል። ተጋላጭ ዘረመል ያለው ሰውም እግሩ ከአፈሩ ጋር ካልተነካካ አይታመምም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ በሽታውን ይከላከላል። ቀይ አፈርና ብዙ ዝናብ ባለባት በጅማና በአካባቢዋ የመከላከያ ፕሮቲኖችን የሚያጠና ተመራማሪ ውጤቱን ሲያቀርብ ዘሩንም አፈሩንም አብሮ መግለጽ ይኖርበታል።